የመታጠፊያዋ ጎሚስታ

ገጠሩን ከገበያው ከተማ የሚያገናኘው መንገድ ታሪክ አለው። ችግሩ፣ ታሪኩን የሚያውቁት ተሳፋሪዎች ናቸው፤ እነሱ ደግሞ መኪናው ሲንገጫገጭ ምላሳቸውን እንዳይነክሱ አፋቸውን ዘግተው ነው የሚሄዱት።

መንገዱን መጀመሪያ ያወጣው አንድ የድንጋይ ከሰል ኩባንያ ነበር። ከተማው ዳር ካለው የእንጨት መሰንጠቂያ ተነስቶ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ ኮረብታውን በሰፊው ዞሮ ከሰሉ ጉድጓድ አፍ ላይ ያበቃል። ኮረብታውን ለምን ዞረ ቢሉ፣ የኩባንያው መሐንዲስ ምሳውን የሚበላበት ጥላ በዚያ በኩል ስለነበረ ነው አሉ። ከሰሉ ሲያልቅ ኩባንያው ጓዙን ጠቅልሎ ሄደ፤ መንገዱን ግን በቸርነቱ ለመንግሥት ተወለት። መንግሥትም ውርሱን በደስታ ተቀብሎ “አውራ ጎዳና” አለውና ቁጥር ሰጠው። ጠጠር ከማልበስ ቁጥር ማልበስ ይቀላላ!

ጎሚስታዋ የተወለደችው እዚያው ኮረብታው መታጠፊያ ላይ፣ ድንጋዩ ጥርሱን አግጥጦ መኪና በሚጠብቅበት ቦታ ነው። አባቷ ጎማ ጠጋኝ ነበሩ። ዓይናቸው ሲደክም ክሪኩንም መዶሻውንም ለእሷ አስረከቡና እሳቸው በር ላይ ተቀምጠው አላፊ አግዳሚውን መተቸት ያዙ። ሾፌሮቹ ግን አባትና ልጅን አያምኑም ነበር።

“እናንተ ሰዎች ማታ ማታ ሚስማር ትበትናላችሁ ይባላል፤ እውነት ነው?” አላት አንድ ቀን አንዱ፣ በላብ ተጠምቆ።

“መንግሥት በነጻ የሚሠራልንን ሥራ እኛ ምን አደከመን?” አለችው፣ ቀና እንኳ ሳትል።

ባሏንም ያመጣላት ያው መንገድ ነው። የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ አንድ ጎማው መታጠፊያው ላይ ፈነዳ፣ ትርፍ ጎማው ደግሞ ከሱ ቀድሞ ፈንድቶ ኖሯል። ጠግናለት ሄደ። በሳምንቱ ሌላ የተኛ ጎማ ይዞ መጣ። ብትነፋው፣ ውሃ ውስጥ ብትነክረው፣ ብታገላብጠው ቀዳዳ የሚባል ነገር የለውም።

“ነፋሱ በራሱ ወጣ መሰለኝ” አለ ሾፌሩ፣ ወደ ሰማይ እያየ።

“ነፋስ በራሱ አይወጣም። ወይ ቀዳዳ አለ፣ ወይ ሰው አለ።”

ሰውየው ጆሮው ድረስ ቀላ። አባቷ ከበሩ ላይ ሆነው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከዚያ በኋላ ብዙም ሳይቆዩ ተጋቡ።

ትዳራቸው ሰላም ነበር፤ የአስፋልት ወሬ እስኪነሳ ድረስ። አዲስ ሹም በተሾመ ቁጥር ወደ ኮረብታው ይመጣል፣ ድንኳን ይተከልለታል፣ “በቅርቡ አስፋልት!” ይላል። ሕዝቡ ያጨበጭባል። ሹሙ ሲመለስ የመኪናው ጎማ መታጠፊያው ላይ ይተነፍስና ጎሚስታዋ ትጠግንለታለች። ባልየው እጁ እስኪግል ያጨበጭባል፣ እሷ ደግሞ እጆቿን ብብቷ ውስጥ ከትታ ትቆማለች።

“አንቺ እኮ የሕዝብ ጠላት ነሽ” ይላታል እቤት ሲገቡ።

“አንተ ደግሞ የጓዳህ! በምን የምንበላ መስሎህ ነው?”

ደግነቱ ሹሞቹ ቃላቸውን አጥብቀው ይረሱ ስለነበር ጎሚስታዋ ሥራ አልፈታችም። አባቷ አረፉ፣ እሷም ጸጉሯ ሸበተ፣ መንገዱ ግን እንደ ጥንቱ ድንጋዩን አግጥጦ ቀረ። አንዱ ሹም ግን፣ ምን እንደነካው እንጃ፣ ቃሉን አስታወሰ።

ቀያሾቹ ሲመጡ በመታጠፊያው በኩል ሳይሆን በታች በሜዳው ቀጥ አድርገው ቀየሱት። አንድ ወጣት ቀያሽ ውሃ ሊጠይቃት ወጣ።

“ደስ ይበልዎት እማማ፣ ከእንግዲህ አቧራው ቀረልዎት።”

“አቧራው ብቻ ነው እንዴ የቀረው፣ ልጄ?” አለችና ውሃውን ሰጠችው።

የምረቃው ዕለት ሹሙ ሪባን ቆርጦ የመንገዱን ታሪክ ተናገረ። በእሱ አነጋገር መንገዱ የተጀመረው እሱ የተሾመ ቀን ነው። ባልየው በደስታ አለቀሰ። በወሩ ሚስቱን ከጎኑ አስቀምጦ ከተማ ይዟት ወረደ። የሄደችው እንከን ልትፈልግ ነበር። ጆሮዋን ወደ ጎማው አዘንብላ ጠበቀች፤ ጎማው ምንም አላለም። አንድ ጉድጓድ፣ አንዲት ድንጋይ እንኳ ለወጉ የለም። ሳታስበው አንገቷ ዘንበል አለ።

“ደረስን” አላት ባሏ፣ ትከሻዋን ነካ አድርጎ።

“የት?”

“ከተማ።”

“ቀልድህን ተው!” ብላ ዓይኗን ገለጠች። የእንጨት መሰንጠቂያው ፊት ለፊቷ ይጮሃል። ወገቧን ዳሰሰች፤ አላመማትም። በዕድሜዋ ሙሉ ከተማ ገብታ ወገቧን ሳይዛት አታውቅም። ልቧ ራራ፤ ግን ለባሏ ይህን ደስታ አትሰጠውም።

“መኪናህ ነዳጅ ይሸታል” አለችው።

“አዎ፣ ሲያንኮራፉበት ነው የሚሸተው” አለ ባልየው።

አውቶቡስ ተራው አጠገብ ስትደርስ ቆመች። አስፋልት ያገኙ ሾፌሮች እንደ እብድ ሲበሩ ሰንብተው ጎማቸውን መላጣ አድርገውታል። አንዱን በመዳፏ ዳሰሰችው። ከዚያም ጥግ ላይ ተዘግታ ወደነበረች ጠባብ ክፍል አየችና “ይቺ የማን ናት?” ብላ ጠየቀች። ባሏ ብልህ ስለነበር የክፍሏን ባለቤት ሊፈልግ ሄደ።

ክፍሏን ተከራይተው ጓዝ ሲያስሩ፣ ሁለት ሠራተኞች የአሮጌውን መንገድ የቁጥር ሰሌዳ ሊነቅሉ መጡ። መታጠፊያው ላይ ጎማቸው ፈነዳ። ጎሚስታዋ ኮምፕረሰሩን ከታሰረበት አስፈትታ ጠገነችላቸው። ሥራዋን ጨርሳ እጇን ስታብስ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ትንሽ ቆየች፤ ባሏም አይቶ እንዳላየ ሆነ።

በኋላ አልጋው፣ ቁምሣጥኑና ኮምፕረሰሩ መኪናው ላይ ወጡ። ባልየው ሞተሩን አስነስቶ ዘወር አለ።

“በየትኛው እንሂድ? በድሮው ልውሰድሽ? ለመጨረሻ ጊዜ?”

“በአስፋልቱ ነዋ!” አለች ጎሚስታዋ፣ በሩን ጎትታ እየዘጋች። “አልጋዬ ይሰበር እንዴ?”