የበቅሎ ቤቱ ግድግዳ

ቀበሌው የበቅሎ ጋጥ ሲሰጠን አመስግነን ተቀበልን። ምን እናድርግ? ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ከባሌ እናት ጋር በአንዲት ክፍል፣ መጋረጃ ጋርደን ነበር የምንኖረው። ጋጡ ከራስ መኮንን ድልድይ ወረድ ብሎ፣ በተወረሰ የባላባት ግቢ ውስጥ ነው። ባላባቱ ሞተዋል፣ ትልቁ ቤት ታሽጓል። ከጋጡ ጋር በአንድ ግድግዳ በተያያዘችው ክፍል ግን ድሮ የባላባቱ ወጥ ሠሪ የነበሩ አሮጊት ይኖሩ ነበር። አንድ ልጃቸው ገጠር ሄዷል ይባላል።

እኔ ደግሞ ስጠረጥር ለጉድ ነው። ያ ሁሉ ቤት አጥ እያለ ለምን ለእኛ? ባሌ ተራ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው፤ የሚያውቀው ባለሥልጣን የለ፣ ለማንም ጉቦ አልሰጠ። ዕድል ነው፣ ዝም ብለሽ ተቀበይ ይለኛል። በዚያ ዘመን ዕድል ዝም ብሎ ከሰማይ ዱብ አይልም ነበር።

ሁለት ወር ሙሉ ደከምን። በቅሎዎቹ ይበሉበት የነበረውን ግርግም ነቀልን፣ የደረቀ ፋንድያ በኬሻ አወጣን፣ ወለሉን ሊሾ አስደረግን፣ ኮርኒሱን በአቡጀዲ ወጠርን። አማቴ ሊያዩ መጥተው አፍንጫቸውን በነጠላ እንደሸፈኑ ቆንጆ ቤት ነው አሉን።

አሮጊቷ የጋራውን ግድግዳ በነካን ቁጥር ብቅ ይላሉ። አንዲት ሚስማር ስንመታ እንኳ ከተፍ።

«ልጄ፣ እሱን ግድግዳ ባትነኩት ይሻላል። ያረጀ ነው፣ ይናድባችኋል።»

ሦስቱ ግድግዳዎች ከሱ የባሱ ናቸው፤ ስለ እነሱ ትንፍሽ ብለው አያውቁም። እዚህ ቤት አንድ ነገር አለ አልኩ። ባላባቶች መሣሪያቸውን ግድግዳ ውስጥ ለስነውበት ሄደዋል እየተባለ ይወራ ነበር። አሰሳ ሊደረግ ነው የሚባልበት ሰሞን ነው። መሣሪያ የተገኘበት ሰው ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን፤ ቤቱ ደግሞ የተመዘገበው በባሌ ስም ነው። እንቅልፍ አጣሁ። አንድ ቀን አሮጊቷ ሊጠቁሙብን ነው እላለሁ፣ በማግስቱ ደግሞ ቀበሌው ራሱ ያጠመደልን ወጥመድ ነው እላለሁ። ድንች ወጥ ቢልኩልኝ ሳልቀምስ ደፋሁት። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

አንድ እሑድ ጠዋት አሮጊቷ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ጠብቄ ባሌን ዲጅኖ አስያዝኩት። መሣሪያውን አውጥተን ወንዝ ልንጥለው ነው። እሱ ተይ፣ ነገር አትቆስቁሺ ብሎ ለመነኝ፤ አልሰማሁትም። ግድግዳው እየተፈረፈረ ወረደ። ጭድ፣ ጠጠር፣ የበሰበሰ ማገር። ምንም የለም። ጨምር አልኩት። ዲጅኖው ወደዚያኛው ወገን ዘለቀ።

አጎንብሼ በቀዳዳው ባይ አንድ ወጣት ፍራሽ ላይ ተቀምጦ ያየኛል። ጺሙ አድጓል፣ ፊቱ ፀሐይ ካየ ቆይቷል። አልጮኸም፣ አልተነሣም። የት ይሄዳል? ገጠር ሄደ የተባለው ልጃቸው ነበር፤ ያኔ በየቤቱ ይታደኑ ከነበሩት አንዱ።

ባሌ ጭቃ ማቡካት ጀመረ፤ እኔም አብሬው አቦካሁ። አሮጊቷ ሲመለሱ በር ላይ ጠበቅኳቸው። እጄ ላይ ያለውን ጭቃ ሲያዩ ገባቸው።

«ሌላ ልጅ የለኝም» አሉኝ።

«እማማ፣ ምንም አላየንም። ለአንድ ሰው ብተነፍስ ባሌ ይሙት!»

ፊቴን ብዙ አዩት። ቀበሌው ከግድግዳቸው ማዶ እኛን ያስቀመጠው እሳቸውን እንድንሰልል መስሏቸው እንደኖሩ ያኔ ነው የገባኝ። ከሁለት ወር በላይ እኔ እሳቸውን ስፈራ እሳቸው እኔን ሲፈሩ ነበር። እሺ ልጄ ብለው ገቡ። ባሌ ቀዳዳውን ሳይመሽ ደፈነው።

በማግስቱ በራቸው ገርበብ ብሎ አገኘሁት። ፍራሹ አለ፣ ድስቱ አለ፣ እነሱ የሉም። በሦስተኛው ቀን ከቀበሌ መጥተው የት ሄዱ ሲሉን አናውቅም አልን፤ እውነታችንን ነው። እንደ ቃላችን ለማንም አልተነፈስንም። ልጁን ግን ተሸሽጎ ከኖረበት ቤት አውጥቼ መንገድ ላይ የጣልኩት እኔ ነኝ፤ ይሙት ይኑር ዛሬም አላውቅም። አላመኑኝም ብዬ በእናቱ አልፈርድም። በእሳቸው ቦታ ብሆን እኔም እኔን አላምንም ነበር።