የልብስ ሰፊው ታፔላ

ካዛንቺስ የነበረው ፎቶ ቤቴ ሲፈርስ ወደ ላንቻ ተዛወርኩ። አንድ ቀን ጠዋት ስልሳ ዓመት የሚሆናቸው ሴት ስልካቸውን ይዘው ገቡ። ከድሮው ሰፈር በዓይን አውቃቸዋለሁ፤ ሟች አባታቸው ልብስ ሰፊ ነበሩ።

ስልኩ ላይ ያለው የአባታቸው ሱቅ ፎቶ ነው። ሰፈሩ ሳይፈርስ አንዲት ጎረቤት ከመንገድ ማዶ ሆና ያነሳችው ነው፤ በቴሌግራም ከሰው ሰው ሲዞር ጥራቱ ወርዷል። ከበሩ በላይ አባትየው በገዛ እጃቸው የጻፉት ታፔላ ይታያል። የላይኛው መስመር «ልብስ ስፌት» ይላል፣ የታችኛው ግን አይነበብም።

«እስቲ አጉላልኝ ልጄ» አሉ። «ወንድሜ ‹ተመስገን› ነው የሚለው ይላል። እኔ ደግሞ ‹ትዕግሥት መልካም ነው› ይመስለኛል። ዕድሜ ልካችንን በሥሩ ገብተን ወጥተን፣ ማንም ልብ አላለውም።»

ኮምፒውተር ላይ ሳጎላው ፊደሉ ተበታትኖ ካሬ ካሬ ነጠብጣብ ሆነ። ፎቶ የሚያጠራ ፕሮግራም ነበረኝና ሞከርኩት። ግድግዳው ጠራ፣ የቆርቆሮው መስመር ሁሉ ቁልጭ አለ። ታፔላው ላይም ደማቅ ጽሑፍ ወጣ። ሴትየዋ መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ።

«ይሄ ምን የሚሉት ፊደል ነው?»

ተጠግቼ አየሁት። ራሱ «ጠ»፣ እግሩ «ሐ» የሚመስል፣ ከሀ እስከ ፐ ቢፈለግ የማይገኝ ነገር ነው።

«ካሜራው ያልያዘውን ፕሮግራሙም አያውቀውም እትዬ» አልኳቸው። «ይገምትና ግምቱን አሳምሮ ያወጣዋል።»

«መገመቱንማ እኛም ገምተናል።»

ታፔላው ላይ የሚሉኝን በኮምፒውተር ልጻፍበት ወይ ብላቸው አልፈለጉም። ያልተነካውን ፎቶ በፖስትካርድ መጠን አተምኩላቸው፤ ከዚያ በላይ ቢተልቅ ይደበዝዝ ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሰው መጡ። ጎተራ ኮንዶሚኒየም የሚኖሩ አንድ የአባታቸውን የድሮ ደንበኛ ጠይቀው ኖሯል። ሰውየው ፎቶውን በቅጡ ሳያዩት «‹ሱሪ እናሳጥራለን› ነዋ» አሏቸው። ስንት ሱሪ እዚያ እንዳሳጠሩም ነገሯቸው።

«እኛ ጸሎት ስንፈልግለት!» ብለው ሳቁ። እየሳቁ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። ወንድማቸው ግን አሁንም አላመኑም።

ለወንድማቸው ሌላ ፎቶ አተምኩ። ሴትየዋ እስክሪብቶ ተቀበሉኝና ከጀርባው ሰውየው ያሉትን ጻፉበት፤ ከሥሩም «ጎተራ ሄደህ ራስህ ጠይቃቸው» ብለው ጨመሩበት።