የኛሉዋክ አልጋ

ልጄ ኮሌጅ ልትገባ ነው። ትናንት ሻንጣዋን ስናዘጋጅ፣ "እማዬ፣ አንድ ክፍል ለአራት ሰው እንዴት ይበቃል?" አለችኝ። "ይበቃል" አልኳትና ልብሷን ማጠፍ ቀጠልኩ።

እኔ ከአቦቦ መጥቼ ጋምቤላ ከተማ ኮሌጅ ስገባ፣ ለአራት የተሰጠን ክፍል ቁም ሳጥን እንኳ አልነበረውም። የሰፋሪ ልጅ ነኝ፤ ተጣብቦ መኖር ብርቄ አይደለም። ተደራራቢ አልጋዎቹን በብሎኬት ከፍ አደረግኋቸው፤ ከሥራቸው ሽሮው፣ ባልዲው፣ ምድጃው ገባ። ግድግዳው ላይ ምስማር መትቼ ቦርሳዎቻችንን ሰቀልኩ። በመስኮቱ በኩል የክፍል ጓደኛችን ኛሉዋክ ከአገሯ ከኢታንግ ያመጣችው ደረቅ ዓሣ ይንጠለጠላል፤ ሽታውን ሁላችንም ለምደነዋል። ኛሉዋክ ከእኔ በታች ባለው አልጋ ላይ ነበር የምትተኛው። ሳቂታ ነበረች።

ክረምቱ በረታና ባሮ ወንዝ ሞላ። ኢታንግን ጎርፍ አጥለቀለቃት ሲባል ኛሉዋክ አንድ ቅያሪ ልብስ ይዛ ወደ ቤተሰቧ ሄደች። ሦስት ሳምንት ወሬዋ ጠፋ።

"እስክትመጣ አልጋው ባዶውን ከሚቀመጥ" አልኩ። ማንም አልተቃወመኝም። ጆንያና ድስታችንን ፍራሿ ላይ ደረደርን። የእሷን ልብስና ደብተሮች በማዳበሪያ ከረጢት ከትቼ በረንዳ ላይ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ክፍሉ ሰፋ። ደስም አለን።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መጣች። እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነበረች። በሩ ላይ ቆማ አልጋዋን አየችው።

"እኔ ሞትኩ ብላችሁ ነው?"

"ኧረ አይደለም! አሁኑኑ እናነሳዋለን" ብዬ ጆንያ መጎተት ጀመርኩ።

"የሞተው እናቴ ነው" አለች። አማርኛ ስትናገር ወንድና ሴት ይቀላቀልባት ነበር፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን አብረን እንስቅ ነበር። "ወባ ነው። ጤና ጣቢያው ውሃ ገብቶበት ተዘግቷል።"

አልጋውን ባዶ አደረግንላት። አልተቀመጠችበትም። በረንዳ ላይ ከረጢቱን ፈታች፤ ዝናብ ገብቶበት ደብተሮቿ እርስ በርስ ተጣብቀዋል። አንዱን ልትገልጥ ሞከረችና ተወችው። መልሳ አሰረችና ተሸከመችው።

"ኛሉዋክ፣ እባክሽ" ብዬ እስከ ግቢው በር ተከተልኳት።

"ታናናሾቼ ብቻቸውን ናቸው" አለች። አልተቆጣችኝም። ትምህርቷንም በዚያው ተወች።

ልጄ ሁኔታዬ አላምር ሲላት ይህንን ነገርኳት። "አልጋዋንማ መልሳችሁላታል" አለችኝ፣ ልታጽናናኝ። እውነቷን ነው። እኔን እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ግን አልጋው አይደለም። በዚያ ሦስት ሳምንት ውስጥ ከሦስታችን አንዳችንም ሄደን አልጠየቅናትም። ጎርፉ ጎድሎ መንገዱ ከተከፈተ ሰንብቶ ነበር፤ ኢታንግ ደግሞ በመኪና ቢርቅ አንድ ሰዓት ነው።