የውሰት አዋላጅ

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ሰብለ ከሥራ እንደተመለሰች ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ሶፋው ላይ ዘፍ አለች። ሥራዋ የጤና ባለሙያዎችን መዝገብ ማስተባበር ነው፤ የትኛው ጤና ጣቢያ ስንት ነርስ፣ ስንት አዋላጅ እንዳለው ከየቦታው ያሰባስቡና ለከርሞ ማን የት ይመደብ የሚለውን ያቅዳሉ። «እማዬ፣ ኮምፒዩተሩ አራት ሰው አለ ይላል፤ ሄጄ ሳይ ሁለት!» አለችኝ። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። «ምኑ ነው የሚያስቅሽ?» ብላ አኮረፈች። ምን ብዬ ልንገራት! በሌለች ሴት ላይ የፈረምኩ እኔ፣ በሰው ኮምፒዩተር ልፈርድ ነው?

ነገሩ በጃንሆይ ጊዜ ነው። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ታይፕ መምታትና ፋይል መያዝ ተምሬ፣ ጤናን በሚመለከት አንድ መሥሪያ ቤት፣ በሠራተኛ መዝገብ ክፍል ጸሐፊ ሆኜ ተቀጥሬ ነበር። ቁመቴ አጭር፣ ምላሴ ረጅም። አባቴ ካረፈ ወዲህ ግን እናቴና ሦስት ታናናሾቼ የሚኖሩት በእኔ ሥራ ስለነበር፣ መሥሪያ ቤት ስገባ ምላሴን አሳጥር ነበር።

አለቃዬ አቶ ወልደጻዲቅ ይባላሉ። ቀጭን፣ ኮታቸው ሁልጊዜ እስከ ላይ የተቆለፈ፣ ሲስቁ ያያቸው ሰው የሌለ። ከጠረጴዛቸው ጀርባ ግድግዳውን ሙሉ የሚሸፍን ወረቀት ለጥፈዋል። ከላይ ወደ ታች የጠቅላይ ግዛቱ ከተሞች፣ ከግራ ወደ ቀኝ ሙያዎቹ ተጽፈውበታል፤ ሐኪም፣ ነርስ፣ ቁስል የሚያክመው ድሬሰር፣ አዋላጅ፣ የክትባት ሠራተኛ። ቁጥሩ የሚገባው በእርሳስ ነው። «በእስክሪብቶ የሚጻፍ የሞተ ሰው ብቻ ነው፤ በሕይወት ያለማ ይዛወራል» ይሉ ነበር።

ዛሬ ነገሩ ተራ ሊመስል ይችላል። ያኔ ግን በአንድ ሰፊ ጠቅላይ ግዛት ማን የት እንዳለ፣ የትኛው ቦታ ምን እንደጎደለው በአንድ ወረቀት ላይ አይቼ፣ ከትምህርት ቤት የሚወጡትን ሁሉ በዚያ መሠረት እመድባለሁ ማለት እንደ እብደት ይቆጠር ነበር። ምደባ በአማላጅ ነበራ! ባልደረቦቻቸው «ባለግድግዳው» እያሉ ያሟቸው ነበር። እኔ ግን፣ እውነቱን ልናገርና፣ እፈራቸውም እወዳቸውም ነበር።

በዚያ ዓመት ፍልሰታ እንደተፈታ አስጠሩኝ። «ሁለት አዋላጆች ተመርቀው ምደባ ይጠብቃሉ። ሐሙስ ጠዋት ስብሰባ አለ። ሱሉልታ፣ ቡራዩና ሰበታ ሂጂና ያለውን ሰው አይተሽ ቅጹን ሙዪ። በዓይንሽ አይተሽ፣ ገባሽ?» አሉኝ። ሰኞ ሱሉልታ፣ ማክሰኞ ቡራዩ፣ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሰበታ እንደምደርስ ለየክሊኒኩ ኃላፊ አስቀድሞ ደብዳቤ ሄዷል። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የመንግሥት መኪና ለእኔ ብቻ ታዘዘልኝ። እንዴት እንደኮራሁ አትጠይቁኝ።

ሰኞ እንጦጦን ስንወጣ ጉሙ መንገዱን ሸፍኖት ሾፌሩ ጋሼ በላቸው አንገቱን በመስኮት እያወጣ ነበር የሚነዳው። ወደ ማዶ ስንወርድ ግን ገለጥ አለ፤ የሱሉልታ ሜዳ ውሃ ተኝቶበት፣ ከብቱ እስከ ጉልበቱ ሣር ውስጥ ገብቶ፣ አየሩ እርጥብ ሣር እርጥብ ሣር ይሸታል። ክሊኒኩ ባለ ሁለት ክፍል የቆርቆሮ ቤት ነው። ኃላፊው ኦቦ ቶሎሳ ጠጉራቸው ገብስማ የሆነ፣ ትከሻቸው ሰፊ ድሬሰር ናቸው። «አካም ቡልቴ ልጄ? ግቢ፣ ግቢ፣ ብርዱ ይጎዳሻል!» ብለው ተቀበሉኝ። ገና ሳልቀመጥ በቅቤ የታሸ የገብስ ጩኮና እርጎ ቀረበልኝ። የቅቤው ነገር! እስከ ዛሬ አፌ ላይ አለ።

ሠራተኞቹ ተደርድረው ጠበቁኝ። ራሳቸው ኦቦ ቶሎሳ፣ መነጽር ያደረገ አንድ ጨዋ የክትባት ሠራተኛ፣ እና ነጭ ጋወኗን አሳምራ የተኮሰች፣ ደልደል ያለች የአርባ ዓመት ሴት። «አዋላጃችን፣ ወይዘሮ ድንቅነሽ» አሉ ኦቦ ቶሎሳ። የወሊድ መዝገቡን ለማየት ስጠይቅ ሴትዮዋ ሦስት መሳቢያ ከፈቱ፤ መዝገቡ አራተኛው ውስጥ ነበር። «ሥራ ሲበዛ እኮ ሰው የገዛ ዕቃውን ይረሳል» አሉ እየሳቁ። እኔም ጩኮዬን እያላመጥኩ አብሬ ሳቅኩ። አዋላጅ አንድ፣ ተገኝታለች ብዬ ጻፍኩ። የክትባት ሠራተኛውን ደግሞ ለአጻጻፉ ውበት ስል «ንቁ ሠራተኛ» የሚል አስተያየት ጨመርኩለት።

ማክሰኞ ቡራዩ ዝናቡ ቁልቁል ይወርድ ነበር። ከመኪናው እስከ ክሊኒኩ በር ስሮጥ ጫማዬ ጭቃ ውስጥ ቀርቶ ተመልሼ አወጣሁት። ገና ጢም ያላወጣው ድሬሰር «አዋላጇ ገጠር ምጥ ተጠርታ ሄዳለች» አለኝና ምስማር ላይ የተሰቀለ ነጭ ጋወን አሳየኝ፤ «ጋወኗ ይኸውና!» በዓይንሽ አይተሽ የሚለው ትእዛዝ ትዝ ሳይለኝ ቀርቶ አይደለም። እግሬ በርዶኝ፣ ርቦኝ ነበር። ጋወኑን አየሁና ፈረምኩ።

ማታ ሁለቱን ቅጾች ለአቶ ወልደጻዲቅ ሰጠኋቸው። እርሳሳቸውን ቀርጸው ሱሉልታና ቡራዩ ፊት ለፊት አንድ፣ አንድ አሉና «ጎበዝ» አሉኝ። ከእሳቸው አፍ የሰማሁት የመጀመሪያው ምስጋና ነበር።

ረቡዕ ጋሼ በላቸው ከሰበታ ወዲያ፣ ተጂ ከተማ ለቅሶ ነበረበት። «ጠዋት ሰበታ ላድርስሽና፣ አንቺ ሥራሽን ስትሠሪ እኔ ለቅሶዬን ደርሼ ልመለስ» ብሎ ለመነኝ፤ እሺ አልኩት። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ የምጠበቀው ሰው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ሰበታ ክሊኒክ ደጃፍ ተገኘሁ። በረንዳው ላይ ሴቶች ተኮልኩለው የተቀቀለ በቆሎ እየበሉ ይጠብቃሉ። «አዋላጇ አለች?» ስል «እትዬ ድንቅነሽ ውስጥ ናቸው፤ የምታምጥ አለች» አሉኝ። ድንቅነሽ? ከውስጥም «በርቺ የኔ እመቤት፣ ደርሷል!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሰኞ መሳቢያ እየከፈቱ ያሳቁኝ ሴትዮ ድምፅ ነው።

ሕፃኑ አለቀሰ። በረንዳው በእልልታ ተናጋ። እትዬ ድንቅነሽ እጅጌያቸውን እንደሰበሰቡ ብቅ ሲሉ ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን።

«ሰኞ ሱሉልታ ነበሩ» አልኳቸው።

«ነበርኩ።»

«የሱሉልታ ነዎት ወይስ የሰበታ?»

«የሰበታ ነኝ፤ እዚህ ስምንት ዓመቴ። ለሱሉልታ ኦቦ ቶሎሳ ተውሰውኝ ነው» አሉ፣ ፈጠም ብለው።

ለካስ እንግዳ ሲመጣ ከጎረቤት ወንበርና ብርጭቆ እንደምንዋሰው፣ እነሱ ደግሞ ከዋናው መሥሪያ ቤት ሰው ሲመጣ ሠራተኛ ይዋዋሳሉ! በየቦታው ሌላ ሌላ ሰው የሚመጣ መስሏቸው፣ ማክሰኞም እትዬ ድንቅነሽ ቡራዩ ሊሄዱ ኖሯል። ሰበታ የምታምጥ ሴት ብትመጣባቸው ጊዜ ጋወናቸውን በጠዋት አውቶቡስ ላኩት። «ምን ዓይነት ጉድ ነው! ሙሉ ነን እያላችሁ ማን ሰው ይልክላችኋል?» ብዬ ጮህኩ። ለቡራዩ ጋወን የፈረመችው ጣቴ ያኔ ትዝ አላለችኝም።

እትዬ ድንቅነሽ እጃቸውን ተረጋግተው ታጠቡ። «ቁጣሽ ልክ ነው፤ ግን ተቀመጪና ስሚኝ። ከጥቂት ዓመት በፊት የሱሉልታው ነርስ ሲዛወር ኦቦ ቶሎሳ በሐቅ ‹ቦታው ባዶ ነው፣ ሰው ይላክልን› ብለው ጻፉ። ምን የሚል መልስ የመጣ ይመስልሻል? ‹ሰው የሌለበት መደብ አስፈላጊ ስላልሆነ ተሰርዟል።› ከዚያ ወዲያ ማን ባዶ ነው ብሎ ይጽፋል? አዋላጃቸው ከሄደች ዓመት ሊሞላት ነው። መደቡ እንዳይሰረዝባቸው አለች፣ አለች እያሉ ይኖራሉ።» እጃቸውን በፎጣ አደረቁ። «በሐምሌ አንዲት ምጥ የጠናባት ሴት በቃሬዛ እንጦጦን ሲያሻግሯት መንገድ ላይ ቀረች። ከፊት ተሸክመዋት የነበሩት ኦቦ ቶሎሳ ናቸው።»

ነገ ሁለቱ አዋላጆች ሊመደቡ ነው፤ ሱሉልታና ቡራዩ ደግሞ በእኔ ፊርማ ሙሉ ናቸው። ብናገር፣ ሳላይ ፈርሜያለሁና ከሥራ መባረሬ ነው። «ቅጹ እኮ ገብቷል እትዬ» አልኩ፣ ድምፄ ሟሙቶ።

«ነገ ጠዋት ትናገሪያለሽ» አሉኝ። «አንቺ ካልተናገርሽ እኔ መጥቼ እናገራለሁ። የሚመጣብኝን እችለዋለሁ።» በቆሎ ሰጡኝ። በእጄ ይዤው መኪናውን እጠብቅ ጀመር።

እውነቱን ልናገር ብያለሁ አይደል? ስመለስ በመንገድ ሙሉ ሳሰላስል ቆይቼ ዝም ለማለት ወሰንኩ። የእናቴና የሦስት ታናናሾቼ ሆድ አለብኝ። ደግሞ ማን ከሰበታ ድረስ ይመጣል፣ ለአፋቸው ነው እንጂ፣ ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ሐሙስ ጠዋት መሥሪያ ቤቱ በር ላይ እትዬ ድንቅነሽ ቆመዋል። ጃንጥላ ይዘው፣ ቀሚሳቸው እስከ ጉልበት ጭቃ ሆኖ። በመጀመሪያው አውቶቡስ ነው የመጡት። አላስፈራሩኝም፣ አልተቆጡኝም፤ እንደምን አደርሽ በሚል አንገታቸውን ሰበር አደረጉልኝ። ቀድሜያቸው ደረጃውን በሩጫ ወጥቼ፣ በሩን ሳላንኳኳ ገብቼ ሁሉንም አፈረጥኩት። የጋወኑን ነገር ጭምር።

አቶ ወልደጻዲቅ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ተባረርኩ፣ አለቀልኝ አልኩ በልቤ። ኋላ ቀስ ብለው «‹ሰው የሌለበት መደብ አስፈላጊ ስላልሆነ› ነው ያለው ደብዳቤው?» አሉ።

«አዎ፣ ጌታዬ።»

«የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

ወንበራቸው ላይ ተቀመጡና የኮታቸውን ቁልፍ ፈቱ። ያን ሰንጠረዥ ሲጀምሩ ባዶ ቦታ ማየት ይቀፋቸው ነበር፤ እንዲያምርላቸው ብለው ነበር የሰረዙት። ተነሥተው በላጲስ የሱሉልታንና የቡራዩን አንዶች አጠፉና «ባዶ፣ ይላካል» ብለው ጻፉ። እኔን ስለ ፊርማዬ «ሁለተኛ እንዳትደግሚው» ከማለት በቀር ምንም አላሉኝም። ስብሰባው ላይ ሌሎቹ ኃላፊዎች አዋላጆቹን ለየራሳቸው ሲሻሙ የእሳቸው ድምፅ በበሩ ወደ ውጭ ይሰማ ነበር። ከሰዓት በኋላ የምደባውን ደብዳቤ ታይፕ ያደረግኩት እኔ ነኝ፤ አንዷ ሱሉልታ፣ አንዷ ቡራዩ። ሁለት ወረቀት አበላሽቻለሁ።

ቅዳሜ አቶ ወልደጻዲቅ ራሳቸው ሱሉልታ ሄዱ፤ እኔንም ይዘውኝ። ኦቦ ቶሎሳ ሊታሰሩ የመጣንባቸው መስሏቸው ቀጥ ብለው ቆሙ። አቶ ወልደጻዲቅ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ኦቦ ቶሎሳ፣ እውነቱን ጽፈው ቢልኩልኝ የቀጣሁዎት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

በዚያ ዘመን! ሙሉ ልብስ የለበሰ የዋናው መሥሪያ ቤት ሹም ለአንድ የገጠር ድሬሰር! ኦቦ ቶሎሳ ዓይናቸው እንባ ሞልቶ «ይቅር ለእግዜር» አሉ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ወደ መሬት አዩ። «እንግዲያው ጌታዬ፣ ከተነሣ አይቀር... የክትባት ሠራተኛውም ውሰት ነው። የትምህርት ቤቱ አስተማሪ ነው፤ ክረምት ስለሆነ ሥራ ፈትቶ አገኘሁት።»

ንቁ ሠራተኛዬ! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አቶ ወልደጻዲቅ ግን ሳቁ። መሐረብ አውጥተው እንባቸውን እስኪጠርጉ ድረስ ሳቁ፤ ኦቦ ቶሎሳም አብረዋቸው፣ በመጨረሻ እኔም።

ከዚያ ወዲህ ባዶ መደብ መሰረዝ ቀረ። «ባዶ ነው» የሚል ደብዳቤ ከየአቅጣጫው ይጎርፍ ጀመር፤ ሰንጠረዡ ከመሙላቱ በፊት ባዶ በባዶ ሆነ። አቶ ወልደጻዲቅ ይህን ለእንግዳ ሁሉ በኩራት ያሳዩ ነበር። ከእሳቸው በኋላ ብዙ አለቃ አይቻለሁ፤ የተማሩም፣ የተፈሩም። ከበታቻቸው ላለ ሰው ባርኔጣ አውልቀው ጥፋቱ የእኔ ነው ያሉ ግን ሌላ አላየሁም።

ጡረታ ከወጡም በኋላ በየበዓሉ እጠይቃቸው ነበር። ቤታቸው ለተገኘ ሰው ሁሉ «ይህች ልጅ እንጀራዬ ይቅርብኝ ብላ እውነቱን የነገረችኝ ናት» እያሉ ያስተዋውቁኝ ነበር። አንገቴን ስደፋ ትሕትና ይመስላቸዋል። እስኪያርፉ ድረስ እንደዚያ አሉኝ፤ እኔም እስኪያርፉ ድረስ አላረምኳቸውም። እትዬ ድንቅነሽ እንደሆኑ ያን ዕለት እኔ ከቢሮ ስወጣ በሩ ላይ አልነበሩም፤ ምጥ ይጠብቃቸዋልና ወደ ሰበታ ተመልሰዋል። መምጣታቸውን ከእኔ በቀር ያወቀ የለም። እሳቸውም ካረፉ ቆዩ።

አሁን ሰማንያን አልፌአለሁ፤ የምፈራው አለቃም የለኝም። እኔ ዝም ልል ነበር። የተናገርኩት እትዬ ድንቅነሽን በሩ ላይ ቆመው ስላየኋቸው ነው።