ከሰማያዊው ቀለም ስር ያለው ፊደል

ዛሬ ጎረቤቴ እትዬ ብርቄ ባስገጠሙት አዲስ የጉድጓድ ፓምፕ እጀታ ላይ፣ እኔ በሚስማር የጫርኩትን «ሰ» አገኘሁት። ሰማያዊ ቀለም ተቀብቶበታል።

(ዕቃዬ ሁሉ ላይ ምልክት አደርጋለሁ። ሰው አላምንም።)

ባለፈው ሳምንት የእኛ የእጅ ፓምፕ አየር ብቻ እየሳበ ውሃ እምቢ አለ። እኔ ጎሚኒው ተበልቶ ነው ብዬ ነበር።

የጠራሁት የፓምፕ ሠራተኛ ሳይፈታው፣ አንዴ ነቅነቅ አድርጎ «እህቴ፣ ይሄ አልቆለታል፣ ይቀየር» አለኝ። አዲስ ገጠመልኝና አሮጌውን «ለቁራሌ ነው» ብሎ በሞተር ጭኖ ሄደ።

ቁራሌው ለካ እትዬ ብርቄ ኖረዋል።

እሳቸውማ ስነግራቸው «ውሃ እስከሰጠኝ ምን ቸገረኝ ልጄ» አሉ።

እኔ ግን ቤት ገብቼ የራሴን «አዲስ» ፓምፕ እጀታ በቢላ ፋቅሁት። ከቀለሙ ስር «ደ» ተጽፏል።

ዲላ ውስጥ ፓምፓችሁ «አልቆለታል» ተብሎ የተወሰደባችሁ፣ «ደ» የማናችሁ ናት?