ከጓሮ የሚመጣው ሳል

እማማ ጠይባ ሞትን አይፈሩም፤ ሞትማ ለማን ይቀራል! የሚፈሩት አዲስ አበባን ነበር። ባላቸው ሀቢቡ ትንፋሽ ሲያጥራቸው አዲስ አበባ የሚሠራው ልጃቸው ሳላሀዲን «ላሳክማቸው» ብሎ ከቡታጅራ ይዟቸው ሄደ፤ እዚያው ሰው አገር ቀሩ። አሁን ያው ሕመም ወደ ሚስትየው ዞረ። መድከማቸው ከታወቀ ልጅየው እሳቸውንም ጭኖ እንደሚሄድ ያውቃሉ። «በእጄ ከተከልኩት እንሰት አጠገብ ካልሆነ አልሞትም!» ብለዋል።

የባሰው ደግሞ ሳሉ ነው። ሀቢቡ ከሞቱ ወዲህ ማለዳ ማለዳ ከጓሮ፣ ከእንሰቱ መሐል፣ የታፈነ ሳል ይሰማል። ልክ እንደ ሟቹ፦ ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ ዝም። «አዑዙ ቢላህ! ቤቱ ናፍቆት መጣ» ይሉና ጋቢያቸውን ይከናነባሉ። አብራቸው የምትኖረው ምራታቸው፣ የሳላሀዲን ሚስት ሃሊማ፣ እንዳትፈራ ብለው ትንፍሽ አላሉም።

ለአረፋ ሳምንት ሲቀረው ክሊኒክ ያለችው ሲስተር ሰዓት የመሰለ ነገር ክንዳቸው ላይ አሰረችላቸው።

«እንዳያወልቁት እማማ። ምን ያህል እንደሚንቀሳቀሱ፣ ልብዎ እንዴት እንደሚመታ ይነግረናል።»

«አሃ፣ ሰላይ ነው በይኛ!» አሉ በሆዳቸው። እሳቸው ከመደብ ተነስተው በር መድረስ አቅቷቸዋል። ቤት እንደ ገቡ ፈትተው ሃሊማ ክንድ ላይ አሰሩት። ሃሊማ ገና ሠላሳ አልሞላትም፤ ማለዳ የከብቱን ፍግ ተሸክማ እንሰቱ ሥር የምትደፋ፣ ከዚያ በጭሱ ውስጥ ቆጮ ስትጋግር የምትውል ብርቱ ሴት ናት።

«ጉልበትሽ ይመስክርልኝ» አሏት። ሃሊማ ፈራ ተባ አለች፤ ግን አማትን እምቢ አይባልም።

ሳላሀዲን ለአረፋ ሲመጣ ራሱ ክሊኒክ ወሰዳቸው፤ ዕቃውን ከሃሊማ ፈትተው መልሰው አስረውታል። ሲስተር ኮምፒውተሩን አይታ ራሷን ነቀነቀች።

«እንደፈራሁት ነው። ትንሽ ይሠራሉ፣ ልብዎ ይጋልባል፣ ይቆማሉ። ማለዳ ማለዳማ ይብስብዎታል። ይህ የተጎዳ ሳንባ ሥራ ነው።»

እማማ ጠይባ ክው አሉ። ኧረ እንዴት ተደርጎ! መጀመሪያ ሀቢቡ ዕቃው ውስጥ የገቡበት መሰላቸው። ቀጥሎ ግን «ማለዳ» የሚለው ቃል ጆሮአቸው ላይ ቀረ። ማለዳ፣ ከእንሰቱ መሐል። በዚያ ሰዓት እዚያ የምትሆነው ሃሊማ ናት። ዓመት ከዓመት ጭስ የጠጣችው፣ ሳሏን ከአማቷ ደብቃ ጓሮ የምትስለው ሃሊማ ናት።

«በቃ እማዬ፣ ይዤሽ እሄዳለሁ» አለ ሳላሀዲን።

ዝም ቢሉ ብቻቸውን ይወሰዳሉ፤ ምራታቸው ከጭሱ ጋር ትቀራለች። ቢናገሩ ደግሞ እሷም ለሕክምና ትሄዳለች፤ እሳቸውን የሚጦር ስለማይቀር ቤቱ ይዘጋል፣ መመለሻም የለም። ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ልጄ፣ ይሄ ነገር የታሰረው በኔ ክንድ አልነበረም። ሚስትህን አሳክማት። ቤቱን ዝጋው።»

አረፋ እንዳለፈ ሦስቱም ወደ አዲስ አበባ ሊሄዱ በሩ ተቆለፈ። እማማ ጠይባ ወደ እንሰቱ ዞረው ጆሮአቸውን ጣል አደረጉ፤ ምንም የለም። ከጎናቸው ሃሊማ ሻሿን አፏ ላይ ይዛ ሁለት ጊዜ ሳለችና ዝም አለች።

እማማ ጠይባ ሻሹን ከአፏ ላይ ቀስ አድርገው አወረዱት።

«ሳዪ ልጄ። ከእንግዲህ አትደብቂኝ።»