ያልተቀበልነው ቤት

የዚያን ቀን በዚያች ጠባብ ቤት ውስጥ የነበርነው እኔ፣ ትልቋ ልጄ፣ አልጋ ላይ የተኛችው ጎረቤታችን፣ ዱባይ ተራ ሱቅ ያለው ወንድሟና የግቢያችን ሽማግሌ ሐጂ ነን። የንስሐ አባታችንም እንዲመጡ ልኬባቸው ነበር፤ ቀብር ሄደው አልተገኙም። ሌሎቹ ጎረቤቶች በር ላይ ቆመው ይሰማሉ እንጂ አልገቡም። በዚያ ጊዜ ወደዚያ ቤት ሰው አይገባም ነበር።

ግቢያችን መርካቶ፣ ከምን አለሽ ተራ ጀርባ ነው። ቀኑን ሙሉ የቆርቆሮ ቅጥቀጣ ይሰማል። እኔ ከቆራሌዎች ያገለገለ ጠርሙስ እየገዛሁ፣ በፈላ ውሃ አጥቤ በመሸጥ ነው ልጆቼን ያሳደግኩት። ጎረቤታችን ደግሞ ሲኒማ ራስ አካባቢ ካልሲ ዘርግታ ትሸጥ ነበር። ሳቂታ ሴት ናት፤ ከወሎ የመጣች፣ ባልም ልጅም የሌላት። ስትከሳና አልጋ ላይ ስትውል ሰዉ «ያ በሽታ ነው» አለ። ስሙን አንጠራውም ነበር። መድኃኒት አለ ሲባል እንሰማለን፤ ለእኛ ቢጤ ግን ገና አልደረሰም።

ልጄ አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ ውጤት ስላልመጣላት ቤት ተቀምጣለች። የሰንበት ተማሪ ናት። አንድ ቀን ጠዋት አጥሚትና ሙቅ ውሃ ይዛ ወደዚያ ቤት ስትገባ አየኋት። ስትወጣ እጇን ይዤ ወደ ጓሮ ወሰድኳት።

«እማዬ፣ ጠዋት ጠዋት ብቻ እኮ ነው ገላዋን የማጥባት» አለችኝ።

«በሽታው ጠዋትና ማታ ያውቃል እንዴ?»

ከለከልኳት፤ አልሰማችኝም። ጤና ጣቢያ ሄጄ ጠየቅሁ። ነርሷ በማጠብና በማጉረስ አይተላለፍም፣ ደም ብቻ ትጠንቀቅ አለችኝ። ገባኝ ብዬ ወጣሁ፤ ሆዴ ግን አላመነም። ልጄ እጅ ላይ ፌስታል አሰርኩላት። የምትበላበትን ሳህን ለየሁ። በተኛችበት ግንባሯን እየዳሰስኩ ትኩሳት ፈለግሁ። ለእግዚአብሔርም ልጄን ብትተውልኝ ለቤተ ክርስቲያን ጃንጥላ አገባለሁ ብዬ ተሳልኩ።

አንድ ቀን በሽተኛዋ አስጠራችኝና በሩ ላይ ቆሜ አዳመጥኳት። «እትዬ፣ ልጅዎን አብራኝ የምትኖር ብዬ ቀበሌ ላስመዝግባት። እኔ ስሞት ቤቱ ለእሷ ይሁን» አለችኝ። ያኔ የቀበሌ ቤት የሚገኘው በዚህ መንገድ ነበር። እኛ በአንዲት ክፍል እግርና ራስ ሆነን ነው የምንተኛው። ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ።

ልጄ ግን «አይሆንም» አለች።

«እግዜር ቤት ሲሰጥ እምቢ ይባላል?»

«እሷ ናት የሰጠችው። ዋጋዬን ከእሷ ከተቀበልኩ ለእግዚአብሔር ያደረግኩት ምኑ ነው?»

እኔ ግን ሐሳቡን አልተውኩትም። የቤቱ ወሬ ከግቢ ወጣ። «ይቺ የሰንበት ተማሪ ቢዝነሱን አውቃበታለች!» ይሏት ጀመር፤ እሷ ውሃዋን ይዛ ታልፋለች። ወሬው እህቱ ከተኛች ጀምሮ እግሩን ወደ ግቢያችን ያላነሳው ወንድም ዘንድ ደረሰና እሱም መጣ። ሐጂን እኔ ነኝ ሮጬ የጠራኋቸው።

ወንድምየው ከአልጋው ርቆ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። «እትዬ፣ ልጅዎ እህቴን የምታጥበው ለነፍሷ ነው ለቤቱ?» አለኝ።

«ለነፍሷ ነው እንጂ!»

«እኔ ዱባይ ተራ በነፃ የሚባል ነገር አላየሁም። ካልሲ እንኳ የሚመርቁልህ ጫማውን ሲያስገዙህ ነው።» ወደ ልጄ ዞረ። «ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ቤት እንዳትደርሺ። በሩን ቆልፌ ቁልፉን ይዤ እሄዳለሁ።»

በሽተኛዋ አቃሰተች። በሩ ቢቆለፍ ውሃ የሚያቀምሳት የለም፤ ይህን ሁላችንም እናውቃለን። እኔ ደንግጬ፣ ልጄን ያዳንኩ መስሎኝ፣ «ኧረ እኛ አልጠየቅንም፤ ቤቱን ራሷ ናት የሰጠችን!» አልኩ።

«ይኸው! ሰማችሁ?» አለ ወደ በሩ ዞሮ። ውጭ ያሉት አጉረመረሙ። ልጄ አየችኝ። ከዚያ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠችና የበሽተኛዋን እጅ ያዘች።

«ቤቱን ለወንድምሽ አድርጊው። ቁልፉን ይያዝ። እኔ ጠዋት ሲከፍትልኝ ሙቅ ውሃ ይዤ እገባለሁ።»

«ሌላ የምሰጥሽ የለኝማ» ብላ በሽተኛዋ አለቀሰች።

«ስጪኝ አልኩሽ?»

ሐጂ ሳቅ አሉ። «አንቺ ልጅ፣ ሰውየውን አስጨነቅሽው! ነጋዴ ሌባ አይፈራም፤ የሚፈራው ዋጋ የማይጠራ ሰው ነው።» በር ላይ ያሉትም ሳቁ። ወንድምየው አልሳቀም።

«እሺ» አለ። «ባለ ዕዳ ሆኜ አልሄድም። ሱቄ ግቢ፣ ሻጭ ትሆኛለሽ። ከነገ ጀምሮ።»

ዱባይ ተራ፣ ሱቅ ውስጥ፣ ልጄ! ጉልበቷን በጉልበቴ ነካሁት። እሷ ግን ቀስ ብላ፣ «ጋሼ፣ እኔ ሱቅ ከዋልኩ ጠዋት ማን ያጥባታል?» አለችው።

ወንድምየው እህቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ትክ ብሎ አያት።

«እኔ እወስዳታለሁ» አለ። «እንጦጦ ጠበል አስገባታለሁ፤ ከዚያ ቤቴ።»

ሐጂ ታክሲ አስጠሩ። ታክሲው ሲመጣ ወንድምየው ከአልጋው እግርጌ ቆሞ ቀረ። እጁ አልዘረጋ አለው። ልጄ አልነቀፈችውም። «አንድ እጅዎን በብብቷ ሥር ያስገቡ። አንገቷን ይደግፉላት፤ ጀርባዋን አይጫኑ፣ ቆስሏል» እያለች አሳየችው። እንዳሳየችው አነሳት። እህቱም ፊቷን አንገቱ ሥር ደበቀች። እኔ ጋቢዋን ይዤ ተከተልኩ፤ በር ላይ የነበሩት ሁሉ ገለል ብለው መንገድ ለቀቁ።

ታክሲው ሳይነሳ በሽተኛዋ ልጄን፣ «ትመጪያለሽ?» አለቻት።

«እመጣለሁ።»

በሳምንቱ ልጄ እንጦጦ ሄደች። ጠበሉ ቦታ በሽተኛዋን የሚያውቅ አልተገኘም። ወንድምየው የራሱ ቤት የት እንደሆነ አልነገረንም ነበር፤ እኛም በዚያ ግርግር አልጠየቅንም። ዱባይ ተራ ሱቁን ስታገኘው ሌላ ሰው ተከራይቶታል። የጎረቤታችንን ቤት ቀበሌው ለሌላ ሰጠው፤ እኛም በዚያችው ክፍላችን ኖርን። ልጄ ዛሬ የራሷ ልጆች አሏት። ወሎዬ ሴት ባየች ቁጥር ዞር ብላ ፊቷን ታያለች።

ከዚያ ወዲህ መድኃኒቱ ለሁሉም ደርሷል፤ ምናልባት ለዚያች ጎረቤታችንም ደርሶላት ይሆናል። ረጅም ናት፣ የፊት ጥርሷ ፍንጭት ነው፣ ስትስቅ አፏን በነጠላዋ ትሸፍናለች። ሲኒማ ራስ ካልሲ ትሸጥ ነበር። ያያት ወይም ስለ እሷ የሰማ ካለ፣ እባካችሁ በሕይወት መኖር አለመኖሯን ንገሩን።